ምድጃ ካለበት

ሥራዬ መለካት ነው፤ ካጥር እስከ ግድግዳ፣
ከግድግዳ እስከ መንገድ፣ ከመንገድ እስከ ሜዳ።
ሃያ ሁለት ዓመት ጫማ ስለካ ኖሬ
ስንቱን ጫማ ጨረስኩ፣ ስንቱ ወለቀ ከእግሬ።
አውራጃው ሰፊ ነው፣ ሰዉ በጣት ቁጥር፤
የአይዳሆ ነፋስ፣ ድንች፣ ደግሞ ድንች፣ ደግሞ አጥር።

ሕጉን በቃሌ ነው የማውቀው፦
የዶሮ ቤት ቢሆን፣ የመጋዝ ማኖሪያ፣
መቶ ሃያ ካሬ ጫማ ካላለፈ ወለሉ
ማንም ፈቃድ አይጠይቅ፣ ይሥራ እንዳመሉ።
አልጋ ከገባ ግን ነገሩ ይጠብቃል፤
ውሃ ከገባማ መሐንዲስ ይጠራል።
ምድጃ ከገባ፣
ያኔ ቤት ይባላል።
ሁለተኛ ቤት ደግሞ ባንድ ግቢ አይቆምም፤
አምስት ኤከር ካልሞላ መሬቱ አይፈቅድም።

ሌስተር ግሩንዲ ያለው አራት ከግማሽ ነው፤
ጡረተኛ አናጺ፣ ክንዱ ያልረገበው።
እኅቱን ኦፓልን ባንኩ ከርሻዋ ሲያስወጣት በጥቅምት፣
ከጓሮው ጥድ ሥር፣ ባሮጌ በር፣ ባሮጌ መስኮት፣
በፈረሰ ትምህርት ቤት ወለል
ጎጆ ቀለሰላት።
በስልሳ ስምንት ዓመቷ ጎጆ ወጣች ማለት ይቻላል።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ፣ ፊርማ የሌለበት።
ጎረቤት ነው። ሁልጊዜም ጎረቤት ነው።
«ከኋላ ጓሮው ውስጥ ሰው ያድራል፤ እባካችሁ እዩት።»

ሄድኩ።
ካጥሩ ዐሥር ጫማ መራቅ ነበረበት፤
ዘጠኝ ከሰባት ኢንች ሆነብኝ የለካሁት።
ሜትሩን አላላሁ፣ አጠበቅሁ፣ ደግሜ ዘረጋሁት፤
ያው ነው።
ሌስተር ምስማር ባፉ እንደያዘ አየኝና
«አጥሩን ላስጠጋው ወይስ ቤቱን ልላጨው?» አለ።
የአጥሩን ጉዳይ በይቅርታ ፎርም አለፍኩት፤
የጎደለውን ግማሽ ኤከር ግን
ከየት አምጥቼ ልሙላለት?

ስለዚህ የማውቃትን ቀዳዳ ነገርኳቸው፦
ምድጃው ከወጣ ቤት መሆኑ ይቀራል፤
መዝገቡ ላይ «ዕቃ ቤት» ተብሎ ይሰፍራል።

ኦፓል ሰማችኝ። ጓንቷን አጠለቀች።
የብረት ምድጃዋን ከነቱቦው ነቅላ፣
ወንድሟን «ተው፣ አትንካው!» ብላ፣
ባንድ ጎማ ጋሪ እየገፋች አውጥታ
በረዶው ላይ ደፋችው።
ገና ትኩስ ነበር፤ በረዶው ጮኸበት፤
ቀስ እያለ ሰመጠ እስከ ጉልበቱ ድረስ።
ከዚያ ዞራ አየችኝ፦
«እንግዲህ ዕቃ ቤት ከሆነ የምተኛበት፣
እኔ ምን ልባል ነው?
አካፋ? ወንበር? በል፣ መዝግብበት።»

ፎርሙን አገላበጥኩ።
ለዚህ የሚሆን ሳጥን የለውም።

በበረዶው ወራት በዚያ በኩል ሳልፍ
ቀጭን የእግር መንገድ አያለሁ፣ ከዕቃ ቤቱ እስከ ሌስተር ማድ ቤት፤
ጠዋት ለሻይ፣ ማታ ለሾርባ፣
አርባ ሦስት ርምጃ ስትወጣ፣ ስትገባ።
ማንም ለካ አላለኝም፤ ልማድ ነው።

አንድ ሐሙስ ዱካው የለም።
በረዶው እንደ አዲስ አንሶላ፣ ማንም ያልተኛበት።
መኪናዬን አቆምኩ፤ ጉልበቴ ከዳኝ፤
መጥፎ ነገር አሰብኩ፤
የወንድሟን በር ልመታ እጄን አነሣሁ።

ያኔ ሸተተኝ።
ሽንኩርት ነው፣ በቅቤ የሚቁላላ፤
ከሌስተር ማድ ቤት አይደለም፣
ከወዲያ ነው፣ ከጥዱ ኋላ።
ቀና ብዬ አየሁ፤ ቱቦው ጣራው ላይ ተመልሶ ቆሟል፤
ነጣ ያለ ነገር ካፉ ይወጣል፣
ቅርንጫፎቹ መሐል ገብቶ ይጠፋል።

ደብተሬን ገለጥኩ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የታየው ነገር።
«ጉም» ብዬ ጻፍኩ።
ፈረምኩበት፤ ፊርማዬ ትንሽ ተጣመመ፤
ብርዱ ነው።

ካጥሩ ማዶ መጋረጃ ተነቃነቀ።
ደብዳቤው እኔ ቢሮ እስኪደርስ ሦስት ቀን ይፈጃል።
ሾርባ በሁለት ሰዓት ይበስላል።